«መብራቷ አትሸጥም!» — ከምናለሽ ተራ እስከ ድሬ የባቡር መብራት ፍለጋ

ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓምድ የጠፋሁት ታምሜ አይደለም፤ ተልኬ ነው። ማን ላከሽ? ጓደኛዬ። ወዴት? ወደ ድሬ ዳዋ። ለምን? ለመብራት! አዎ… ሰው ድሬ የሚሄደው ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግድ ነው። እኔ የሄድኩት ከአሮጌ ባቡር ጣራ ላይ የተፈታ መብራት ፍለጋ ነው። ሳቁብኝ፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ካፌ ልትከፍት ነው። ወንበሩ አለ፣ የማኪያቶ ማሽኑ አለ፣ አስተናጋጆቹም ተቀጥረዋል። «የቀረኝ ስታይል ነው» አለችኝና በስልኳ የውጭ አገር ካፌዎች ፎቶ አሳየችኝ። ከድሮ የመንገደኛ ባቡር የተፈቱ የናስ መብራቶች ከየጠረጴዛው በላይ ተሰቅለዋል። አሜሪካና አውሮፓ ይሄ ደህና ንግድ ነው። አሮጌ የባቡር መብራት የሚሰበስብ፣ የሚያድስ፣ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል።

«እኛስ ባቡር አልነበረንም እንዴ? የኛ ባቡር መብራት የት ገባ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ጥያቄ ነው። ሦስት መብራት ካገኘሁላት የመንገድ ወጪዬን ችላ አምስት ሺህ ብር ልትሰጠኝ ቃል ገባች። የጋዜጣ ጸሐፊን ኪስ ታውቁታላችሁ… የቤት ኪራይ ደግሞ ደርሶብኛል። እሺ አልኩ።

* * *

ፍለጋዬን የጀመርኩት ከመርካቶ ነው። ምናለሽ ተራን የማያውቅ አለ? ብሎን ከፈለጋችሁ ብሎን፣ የልብስ ስፌት መኪና እግር ከፈለጋችሁ እግር፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ነገር ሁሉ እዚያ ይገኛል። አንድ ነጋዴ ከብረታ ብረት ክምሩ ጀርባ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ክብ ነው፤ ስፋቱ የምግብ ሰሃን ያህላል። ናሱ ጥቁርና አረንጓዴ ሆኗል። ከላዩ እንደ ወተት የነጣ ወፍራም ብርጭቆ አለው፤ ጠርዙ ትንሽ ተሸርፏል። አነሳሁት፤ ክብደቱ እጄን ጎተተው።

«እህቴ፣ ይሄ የጃንሆይ ባቡር መብራት ነው። ጃንሆይ ከሥሩ ቁጭ ብለው ጋዜጣ ያነቡ ነበር» አለኝ።

«አይተሃል?»

«አልተወለድኩም» አለ ሳያፍር። ሳቅን።

ዋጋው አሥራ አምስት ሺህ ብር። ከየት አገኘኸው? ከቁራሌው። ቁራሌውስ? ከድሬ ከመጣ ሰው። ሰውየውስ? «እህቴ፣ የምትገዢው መብራት ነው ወይስ የዘር ሐረግ?»

መልስ አልነበረኝም። ልኩን ለጓደኛዬ ለማሳየት ብዬ ግን ጋዜጣ ዘረጋሁና መብራቱን አስቀምጬ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ከጣራ ጋር የሚታሰርባቸውን አራት የብሎን ቀዳዳዎችም ምልክት አደረግሁ። ሦስቱ ቀዳዳዎች እኩል የተራራቁ ናቸው። አራተኛዋ ግን ወደ አንድ ጎን ፈንጠር ብላለች፤ በእጅ የተበሳች ትመስላለች። ከመብራቱ ጀርባ ሁለት አጫጭር ሽቦዎች ወጥተዋል። ሽፋናቸው ፕላስቲክ ሳይሆን ጨርቅ ነው። ጋዜጣዬን አጣጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩና ወጣሁ።

* * *

ወደ ድሬ የሄድኩት በባቡር ነው፤ በአዲሱ። ከለገሃር እንዳይመስላችሁ! በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ጣቢያ መንገደኛ መሸኘት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ባቡሩ ጥሩ ነው፤ አላማውም። መብራቱ ግን ነጭና ረጅም፣ እንደ ሆስፒታል ኮሪደር ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላ ማንም ፈትቶ ሳሎኑ ሊሰቅለው የሚመኝ አይመስለኝም።

አዋሽ አካባቢ ስንደርስ ከጎኔ የተቀመጡ እናት አማተቡ። «ምነው እናቴ?» አልኳቸው። «ጥር 77ን አታውቂም» አሉኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበትን አደጋ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ደቂቃ ሁለታችንም አላወራንም።

የድሮውን መስመር ታሪክ በአጭሩ ላስታውሳችሁ። ዳግማዊ ምኒልክ የባቡር መስመር ፈቃዱን ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀመረ፤ ሐዲዱም በ1895 ዛሬ ድሬ ዳዋ የምንላት ሜዳ ላይ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ለሐዲድ አልተመቸችም፤ ስለዚህ ከተራራው ሥር አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጃንሆይ ወደ ስደት የሄዱትም በዚሁ ባቡር ነው።

ታዲያ በመጀመሪያው ዘመን ተራው የመንገደኛ ባቡር የሚጓዘው በቀን በቀን ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሲመሽ መንገደኛው ይወርድና ድሬ ላይ አንድ ሌሊት፣ አዋሽ ላይ አንድ ሌሊት ያድራል። የአዋሽ ጣቢያ ቡፌ ስሙ የገነነው በዚያ ምክንያት ነው። በኋላ ባቡሩ ሌሊትም መጓዝ ሲለምድ የፉርጎው መብራት ቁም ነገር ሆነ።

* * *

ድሬ! ሙቀቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለሆነ በባጃጅ ወደ ከዚራ ገባሁ። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ጥላ ያለው ዛፍ፣ በረንዳ ያላቸው የድሮ ቤቶች… ከዚራን የቀየሱት የባቡሩ ፈረንሳዮች መሆናቸው ዛሬም ያስታውቃል። አሮጌው ጣቢያ እዚያው አለ።

በሰው በሰው አንድ ጡረተኛ የባቡር ኤሌክትሪሺያን አገኘሁ። ፈረንሳይኛቸው ከኔ አማርኛ ይሻላል። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር ሳቁብኝ፦ «አቦ! እርስዎ የምትይው ማንን ነው? ድሬ ላይ ሁሉም አንተ ነው!» ምላሴ እምቢ ስላለኝ እዚህም በእርስዎ እቀጥላለሁ፤ እሳቸው ይስቁብኝ።

በማግሥቱ አስፈቅደን የድሮውን የጥገና ጋራዥ አሳዩኝ። ቤቱ ሙዚየም ይመስላል፤ በየቦታው የአውሮፓ ፋብሪካ ስም የተጻፈባቸው ትልልቅ የብረት መቁረጫና መሞረጃ ማሽኖች አሉ። አንድ የቆመ የመንገደኛ ፉርጎ ውስጥ ገባንና ጣራው ላይ ያለውን መብራት ጠቆሙኝ። ምናለሽ ተራ ያየሁት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው ቦታው ላይ መሆኑ ነው።

«ይሄውልሽ» አሉ። «ከፉርጎው ሆድ ሥር ዲናሞ አለ። የመንኮራኩሩ ዘንግ ሲዞር በቺንጊያ ዲናሞውን ያዞረዋል። ባቡሩ ሲሮጥ መብራቱ ከዲናሞው ይበላል፤ ባትሪውም ይሞላል። ጣቢያ ሲቆም ደግሞ ከባትሪው ይበላል። እያንዳንዱ ፉርጎ የራሱ መብራት ኃይል ነበረው!»

«አምፖሉስ ለምን አይጠመዘዝም?»

«ባቡር ይንቀጠቀጣላ! የሚጠመዘዝ አምፖል በንዝረት ቀስ እያለ ይፈታል። ይሄ ሁለት ጥርስ አለው፤ ተጭነሽ ትቆልፊዋለሽ። ኃይሉ ደግሞ 24 ቮልት ነው። አምፖል ሰርቆ የወረደ ሰው ቤቱ ሄዶ ሲሰካው ቦግ ይልና ይሞታል!» ብለው ከልባቸው ሳቁ።

የሳቁበት መብራት እዚህ ለመድረስ ብዙ ደም ፈሷል። በዓለም ላይ ባቡሮች መጀመሪያ በሻማና በዘይት ኩራዝ፣ ቀጥሎ ከፉርጎው ሥር በጋን በታመቀ ጋዝ ነበር የሚያበሩት። ጋዙ ደምቆ ያበራል፤ አደጋ ሲደርስ ግን የእንጨቱን ፉርጎ ያነደዋል። እንደ ፈረንጆቹ በ1915 ስኮትላንድ ኩዊንቲንስሂል ላይ ባቡሮች ተጋጭተው ከ200 በላይ ሰው አልቋል፤ ብዙዎቹ ወታደሮች ነበሩ። እሳቱን ካባባሱት ነገሮች አንዱ የመብራቱ ጋዝ ነበር። በዲናሞና በባትሪ የሚሠራው መብራት ጋዙን ከባቡር አስወጣው። እኛ ለካፌ ጌጥ የምንመኘው ናስ እንዲህ ያለ ታሪክ አለው።

* * *

ያን ቀን ከሰዓት ሽማግሌው ሌላ ቦታ ወሰዱኝ። የት እንደሆነ አልጽፍም፤ ሌባ እንዳልጠቁም። ከድሮው ሐዲድ ዳር፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ የመንገደኛ ፉርጎ ቆሟል። መስኮቱ ተሰባብሯል፣ ፍየሎች ከሥሩ ተኝተዋል። ገባንና ቀና አልኩ። ጣራው ላይ ስድስት ክብ ክብ ምልክቶች አሉ፤ ቀለሙ እዚያ ቦታ ላይ አልደበዘዘም። በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ አራት ቀዳዳና ሁለት የተቆረጡ ሽቦዎች።

ጋዜጣዬን አወጣሁ። ወንበር ላይ ቆሜ ከአንደኛው ክብ ጋር አስተያየሁት። ክቡ ልክ ነው፤ አራተኛዋ ቀዳዳ ግን አልገጠመችም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው… አምስተኛው ላይ ስደርስ ገጠመች። ፈንጠር ያለችው ቀዳዳ ሳትቀር ገጠመች! ሽቦውን አየሁት፤ ሽፋኑ ጨርቅ ነው።

ለሽማግሌው ምናለሽ ተራ ያየሁትን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የተቆረጠውን ሽቦ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «የኛ ሰው ቢሆን ይፈታው ነበር፤ ይሄ በጉጠት የተቆረጠ ነው። የሌባ እጅ ነው» አሉኝ። ፈንጠር ያለችውን ቀዳዳ ደግሞ አወቋት። የድሮው ቀዳዳ ስለሰፋ አዲስ የበሳት የሥራ ጓደኛቸው ነው፤ ነፍሱን ይማረውና አርፏል።

«ታዲያ በየቤቱ ያለው የባቡር መብራት ሁሉ የተሰረቀ ነው ማለት ነው?» አልኳቸው።

«የለም! ሁሉንም ሌባ አታድርጊ። አርጅቶ የተፈታ ፉርጎ ነበር፤ ዕቃው በወረቀት የተሸጠ አለ። ነይ፣ የዚያን ሰው ቤት ላሳይሽ» አሉኝ። ቀዳዳዋን የበሳው ሟች ቤት ማለታቸው ነው።

* * *

ባለቤቱ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሽርጥ ያገለደሙ፣ ሳቂታ እናት ናቸው። ከቡናው ረከቦት በላይ ጣራው ላይ… መብራቷ! ናሷ እንደ ወርቅ ተወልውላለች።

«የማን ልጅ ነሽ? ቁጭ በይ፣ ቡና ጠጪ» አሉኝ። ቡናው እየፈላ የድሮውን ባቡር አወሩልኝ። ከጅቡቲ ጨርቅና ሲጋራ ጭነው የሚመላለሱ ነጋዴ ሴቶች ነበሩ አሉ። «ፊናንስ ሲገባ ፉርጎው ድንገት ይጨልማል! አምፖሎቹን ነቅለው በነጠላ ጠቅልለው ይይዛሉ። ፊናንሱ በባትሪ ሲንደፋደፍ ዕቃው ቦታ ይቀይራል። ከዚያ ባሌን 'ና፣ መብራት ተበላሽቷል' ብለው ይጠሩታል። አምፖሎቹስ? ሲል ከአንዷ ጉያ አንድ፣ ከሌላዋ ሁለት ይወጣል!» እኔና ሽማግሌው በሳቅ ሞትን።

ባለቤታቸው ጡረታ ሲወጡ አንድ ያረጀ ፉርጎ ሲፈታ መብራቷን ገዟት። እናትዬው ከቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ አውጥተው አሳዩኝ፤ ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። እኔም የመጣሁበትን ተናገርኩ። የጓደኛዬን ገንዘብ አስቤ፣ «አሥራ አምስት ሺህ ብር ይከፈላል» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቀና ብለው ያዩት መብራቷን ሳይሆን ከጎኗ ያለውን ጣራ ነው። ዝናብ ያስገባል፤ ውኃ የወረደበት ቡናማ መስመር ይታያል። ገንዘቡ እንደሚያስፈልጋቸው ገባኝ። ለምን አፌን እንደከፈትኩ ራሴን ረገምኩ።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ በመጨረሻ፤ «ልጆቼ ሁሉ ሄደዋል። አንዱ ጅቡቲ ነው፣ አንዷ ዱባይ ናት። በስልክ በምስል ሲደውሉ መጀመሪያ የሚሉኝ 'እማ፣ ስልኩን ወደ ላይ አዙሪው' ነው። መብራቷን ሲያዩ ነው ቤታቸው መሆኑን የሚያምኑት። እሷን ሸጬ ጣራውን ብሠራ ምን ላሳያቸው ነው? መብራቷ አትሸጥም።»

ሦስተኛውን ቡና ጠጥቼ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

* * *

አዲስ አበባ ተመልሼ ለጓደኛዬ ሁሉንም ነገርኳት። የሟቹን ቀዳዳ ሳይቀር። «እኔ ካልገዛሁት ሌላ ሰው ይገዛዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ተከራከርን፣ ተኳረፍን፣ ታረቅን። በአምስተኛው ቀን ለነጋዴው ልነግረው ምናለሽ ተራ ሄድኩ፤ መብራቱ ተሸጧል። ለማን? «መኪና ይዞ የመጣ ሰው ነው» አለኝ። ጋዜጣውን ዘርግቼ አሳየሁት። አየው፣ አየኝ፣ «እህቴ፣ እኔ ምን አውቄ!» አለኝ። እሱንም አልፈረድኩበትም፤ ከቁራሌ የገዛ ሰው ነው።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ግን አንድ ነገር አለ። የሚመለከተውን ክፍል የዚያኑ ዕለት ባመለክት ኖሮስ? እኔ ግን ከጓደኛዬ ጋር ስከራከር አምስት ቀን አቃጠልኩ። መብራቱ የት እንደገባ አሁን ማንም አያውቅም። የቀረው ቀዳዳውና የኔ ጋዜጣ ነው።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ለአንድ ናስ ሠሪ ፎቶ ሰጥታ ሦስት አዲስ መብራት አሠራች። ያምራሉ። ደንበኛ ሲጠይቃት «የባቡር ነው» አትልም፤ «መርካቶ የተሠራ ነው» ትላለች። አምስት ሺህዋን አልተቀበልኩም። የቤት ኪራዩን እንዴት እንደከፈልኩ አትጠይቁኝ!

እንግዲህ የባቡርም ሆነ ሌላ አሮጌ መብራት ለመግዛት ለምታስቡ አንዳንድ ምክር ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ ወረቀት ጠይቁ። በጨረታ ወይም በሽያጭ የወጣ ዕቃ ደረሰኝ አለው። «የጃንሆይ ነው» የሚል ወሬ ደረሰኝ አይሆንም። ወረቀት ከሌለውና ከጀርባው ሽቦው በጉጠት የተቆረጠ ከሆነ ወደ ኋላ በሉ።

ሁለተኛ፣ እውነተኛውን ከአስመሳዩ ለዩ። የድሮው ከባድ ነው። የብሎን ቀዳዳው በመሥራት ብዛት ተበልቷል። በብዛት የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ የፉርጎው መብራት ከአንድ ቦታ ነበር የሚበራው። የፋብሪካ ማኅተም ካለው እንዳይጠፋ ስትወለውሉ ተጠንቀቁ።

ሦስተኛ፣ በምንም ዓይነት በቀጥታ ከቤት መብራት ጋር እንዳታገናኙት! የባቡር መብራት በብዙ አገር 24 ወይም 32 ቮልት ነው፤ የቤታችን 220 ነው። በጨርቅ የተሸፈነው አሮጌ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ አዲስ ይግባበት፤ ናሱም የመሬት ሽቦ ይታሰርለት። ይህን ባለሙያ ይሥራው። ሙቀት የሌለው ኤልኢዲ አምፖል ብታደርጉለት ለአሮጌው ብርጭቆም ይሻለዋል።

አራተኛ፣ ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች፦ «ለማስታወሻ» ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ጠይቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ማየት ከፈለጋችሁ ድሬ ሂዱ። አስፈቅዳችሁ ጋራዡን ጎብኙ፤ ፉርጎው ውስጥ ግቡና መብራቱን ጣራው ላይ እንዳለ እዩት። ሽማግሌዎቹ ገና በሕይወት አሉ፤ ያጫውቷችኋል። «እርስዎ» ግን አትበሏቸው!

እኔ እንኳ ባለፈው እሑድ ለእናትዬው ደወልኩ። «ጣራው እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ያፈሳል» አሉኝ እየሳቁ። «መብራቷስ?» «አለች!»

ቸር እንሰንብት።